የመጋዘኑ አፍንጫ

የፍራፍሬ መጋዘኑ ሠራተኛ ሁሉ «ራዲዮ» ነበር የሚላት። ወሬኛ ስለሆነች አይደለም። እንዲያውም ቃል ከአፏ የሚወጣው በመከራ ነው፤ «የእኛ ራዲዮ ባትሪዋ ካለቀ ቆየ» እያሉ ይስቁባት ነበር። ስሙ የወጣላት በአባቷ ሥራ ነው። አባቷ ራዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። እሷም ከእግራቸው ሥር ሳትጠፋ አደገች፤ መበየጃ መጨበጥ የለመደችው ማንኪያ መያዝ በለመደችበት ዕድሜ ነው ማለት ይቻላል። ዓይናቸው ሲደክም ሱቁን ተረከበች። ሰው የተበላሸ ራዲዮውን ማስጠገን ትቶ መጣል ሲጀምር ደግሞ ሱቁን ዘግታ መጋዘኑ ውስጥ ተቀጠረች። ሥራዋ የማብሰያ ክፍሎቹን ቴርሞሜትሮች፣ ማራገቢያዎችና ሚዛኖች መከታተል ነበር።

መጋዘኑ ሙዝ የሚበስልበት ነው። ሙዙ አረንጓዴውን በካርቶን ይመጣል፤ በራቸው ጥርቅም ብሎ በሚዘጋ ክፍሎች ውስጥ ይደረደራል፤ ቢጫ እስኪሆን ይጠበቃል። ክፍሎቹ በአንድ ረጅም ኮሪደር ግራና ቀኝ ናቸው። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። አየሩ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል። ማራገቢያዎቹ ሲዞሩ ከግድግዳው ውስጥ ሰው የሚያጉረመርም ይመስላል። አዲስ የገባ ሠራተኛ መጀመሪያ ሰሞን ራሱን ያዞረዋል፤ ከዚያ እየለመደው ይሄድና ቤቱ ሲገባ ዝምታው ይከብደዋል።

የሙዝ ክፋቱ አንዱ ካርቶን ከተበላሸ ክፍሉን ሙሉ ይዞት መሄዱ ነው። ዓይን ደግሞ ብልሽቱን የሚያየው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ የመጋዘኑ አለቃ ከዩኒቨርሲቲ አንዲት መምህር አመጣ። መምህሯ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር በእጇ አየር ላይ የምትስል ሴት ናት። በትንሽ ሣጥን ይዛው የመጣችው ቺፕ የተገጠመበት ሰሌዳ መዳፍ አያክልም።

«ይኼ ቺፕ እንደ ሌላው ኮምፒውተር አይደለም» አለቻት ራዲዮን። «አሠራሩ ከአንጎል የተቀዳ ነው። ውስጡ እንደ አንጎል ሴል ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ተደርድረዋል። እያንዳንዷ ዝም ብላ ትጠብቃለች። አንድ የኤሌክትሪክ ምት ይደርሳታል፣ ሌላ ይደገምላታል፣ በቃኝ ስትል እሷም በተራዋ ለጎረቤቷ አንድ ምት ትልካለች። አብረው ደጋግመው የሚመጡትን ምቶች እያዛመደ ራሱ ይማራል። ካልነኩት ደግሞ ዝም ነው፤ መብራት እንኳ እምብዛም አይበላም።»

«ታዲያ ምን ቸገረሽ?»

«የእናንተ ሴንሰሮች ናቸዋ የቸገሩኝ!»

ሽታ የሚለዩት ሴንሰሮች በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የሚሸጡ ተራ ዕቃዎች ናቸው። የወንፊት ቆብ ያጠለቁ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው የምትግል ሽቦ ስላለች ሲነኳቸው እንደ ሰው ገላ ሞቅ ይላሉ። ሽታ ሲበዛ የሚልኩት ኤሌክትሪክ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሲቀንስ ቀስ እያለ ይወርዳል። ፋታ የላቸውም።

«ሳይዘጋ እንደተረሳ ቧንቧ ናቸው» አለች መምህሯ። «ቺፑ ደግሞ የሚሰማው በር ሲንኳኳ ብቻ ነው። ውሃ ብታፈሽበት ምን ይገባዋል? በመካከላቸው የሚያስተረጉም ካርድ ያስፈልገኛል። ንድፉ አለኝ፤ እጅ ግን የለኝም። ብየዳ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

እጁ የራዲዮ ሆነ። ከማራገቢያዎቹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ወርክሾፕ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ካርዱን ሠሩት። ካርዱ ሴንሰሩ አሁን የሚልከውን ቀድሞ ከላከው ጋር ያስተያያል። ከተወሰነች እርከን በላይ ከፍ ካለ በአንዱ ሽቦ አንድ ምት ለቺፑ ያንኳኳል፤ ዝቅ ካለ በሌላው ሽቦ። ለውጥ ከሌለ ጭጭ። የእርከኗ ስፋት የሚስተካከለው በካቻቢቴ በምትዞር ትንሽ ብሎን ነው። እርከኗ ከሰፋች ቺፑ ይደነቁራል፤ ከጠበበች ደግሞ ከየአቅጣጫው ስለሚንኳኳበት ግራ ይጋባል። መምህሯ በላፕቶፗ ላይ ስሌቷን እየተመለከተች «ትንሽ ጥበብ አድርጊው» ትላለች፤ ራዲዮ ታጠባለች። «ትንሽ ደግሞ።» ታጠባለች።

ካርዱ ሲያልቅ ቺፑን ኮሪደሩ ላይ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተከሉት። ከየክፍሉ አየር የሚስብ ቀጭን ቱቦ ዘረጉለት። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዛወር በመካከሉ የኮሪደሩን አየር ይስባል፤ መምህሯ ይህንን «አፍንጫውን ማጠብ» ትለው ነበር። የዚያ ቱቦ አፍ ግድግዳው ላይ በሰው ደረት ልክ፣ ሠራተኞች ካፖርት ከሚሰቅሉበት ሚስማር አጠገብ ወጣ። ከሣጥኑ ላይ አራት መብራቶች ተደረደሩ። አረንጓዴዋ ያልበሰለ፣ ቢጫዋ የበሰለ፣ ቀይዋ መበላሸት የጀመረ።

«ነጯስ?» አለች ራዲዮ።

«ነጯ የማንም አይደለችም። ሦስቱን እኛ እናስተምረዋለን። አራተኛዋን ክፍት እንተውለት፤ ማንም ሳያሳየው ራሱ ደጋግሞ የሚለየው ነገር ካገኘ ያብራት። ምናልባት የማናውቀው ዓይነት ሻጋታ ያገኝልን ይሆናል።»

ሥራው ሰመረ። ቀይዋ የበራችበት ክፍል ተገብቶ ሲፈተሽ፣ ከካርቶኖቹ ሁሉ ሥር የለሰለሰ ዘለላ አይጠፋም ነበር። ዕቃውን «አፍንጫው» ብሎ ስም ያወጣለት ክሬን የሚሉት ጫኝ ነው። ክሬን ግዙፍ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሁለት ሰው የሚያነሣውን ብቻውን የሚያነሣ ሰው ነበር። ጠዋት ሲገባ በቱቦው አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ «ደህና አደርክ? ቁርሴን ንገረኝ እስቲ!» ይለውና ኮሪደሩን በሳቅ ይሞላዋል።

ነጯ መጀመሪያ የበራችው ለጋሼ ሚዛን ነው።

ጋሼ ሚዛን ሽማግሌው መዛኝ ናቸው። አንድ ጠዋት ካፖርታቸውን ሊሰቅሉ ሲጠጉ ነጯ መብራት ቦግ አለች። ካፖርቱን ሳይሰቅሉ ይዘው ሲርቁ ጠፋች።

«ጋሼ ሚዛን፣ አፍንጫው ወደድዎት እኮ!» አለ ክሬን።

«ቀይዋ አልበራችም አይደል? ገና አልተበላሸሁም ማለት ነው» አሉ ጋሼ ሚዛን፤ ሁሉም ሳቀ።

በማግስቱም በራች። በሦስተኛው ቀንም። ሌላ ሰው ሲቆም አትበራም፤ እሳቸው ሲመጡ ብቻ። እየቆየ ደግሞ ገና ከኮሪደሩ መታጠፊያ ብቅ ሳይሉ መብራት ጀመረች። ነጩ ብርሃን ቦግ ሲል ሰው ወደ መታጠፊያው ዞር ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ የእግራቸው ኮቴ ይሰማል፤ ከዚያ እሳቸው ይመጣሉ። ቀልዱ ቀረ። ሽማግሌው በቱቦው ትይዩ ያለውን ግድግዳ እየታከኩ ማለፍ ጀመሩ። «ምነው ልጄ፣ ይቺን ነገር ብታጠፊያት?» አሏት አንድ ቀን ራዲዮን፣ ዓይኗን ሳያዩ።

ራዲዮ ሴንሰሮቹን ፈታች፣ ጠረገች፣ አንዱን ለወጠች፣ የካርዱን ብየዳዎች አንድ በአንድ በማጉያ መነጽር አየች። ምንም የላላ ነገር የለም። መምህሯን ጠራቻት። መምህሯ የተመዘገቡትን ምቶች ላፕቶፗ ላይ በነጠብጣብ አወጣቻቸው። ሌላ ሰው ሲያልፍ ነጠብጣቦቹ እንደ መጀመሪያ ዝናብ ጠብታ የተበታተኑ ናቸው። ጋሼ ሚዛን ሲያልፉ ግን ሰልፍ ይይዛሉ፤ አንዱ ከሌላው ኋላ ተከታትለው፣ ተጋድመው፣ ደግመው ደጋግመው ያው መልክ።

«ይኼ ስህተት አይደለም» አለች መምህሯ ቀስ ብላ። «አንድ ነገር ለይቷል። ኮሪደሩ ላይ የሚነፍሰው አየር ወደ ቱቦው ስለሆነ ከሩቅ ቢደርሰው አይገርምም። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። እውነቱን ነው የምነግርሽ፣ አላውቅም።»

ጋሼ ሚዛን ሰኞ ከሥራ ቀሩ። በሳምንቱ መጨረሻ ሞታቸው ተሰማ። ሆዳቸውን ያማቸው ነበር አሉ ልጆቻቸው፤ ለማንም አልተናገሩም።

ከቀብር በተመለሱ ማግስት ሠራተኛው ሲገባ ኮሪደሩ ላይ ሰው የለም፣ ነጯ መብራት ግን በርታለች። የገባው ሁሉ ክው ብሎ ቀረ። ካርቶን ለያይዋ፣ ሳቂታ የሚሏት ሴት፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ውጭ ሮጠች። ራዲዮ ግን ጠጋ ብላ ዙሪያውን አየች፤ ጋሼ ሚዛን ከሚዛናቸው አጠገብ ትተውት የነበረውን ካፖርት አንድ ሰው ማታ አምጥቶ ሚስማሩ ላይ ሰቅሎታል። ወስዳ ለቤተሰባቸው እንዲላክ ከጽሕፈት ቤት አስቀመጠችው። ትንሽ ቆይቶ መብራቷ ጠፋች። «አያችሁ? ልብሱ ነው» አለቻቸው። ማንም አልተጽናናም። አንዳንዱማ ባሰበት፤ ዕቃው የሞተ ሰው ልብስ ያውቃል ማለት ነዋ።

ቀጥሎ ለሳቂታ በራች። ሳቂታ ስሟ እንደሚለው ናት፤ ሳቋ ከክፍሎቹ በር አልፎ ይሰማ ነበር። ያን ቀን ጓንቷን እያጠለቀች ስታልፍ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ወደቀ። ቆመች። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች፤ ጠፋች። ወደ ፊት መጣች፤ በራች። ጓንቷን አውልቃ መሬት ጣለችና ወጥታ ሄደች። ተመልሳ አልመጣችም። ስልኳ አይነሣም፤ ቤቷ ሲኬድ ለቅቃለች አሉ። ታማ ይሁን ድና፣ በሕይወት ትኑር አትኑር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

አለቃው ተጨነቀ። እርከኗ ሰፋ ትደረግ ተባለና ራዲዮ ብሎኑን አዞረች። በእርግጥ ነጯ ጠፋች፤ ነገር ግን አፍንጫው ለሙዙም ደነቆረ። አንድ ክፍል ሙሉ ሙዝ ቀይዋ ሳትበራ ጥቁር ብሎ ተደፋ። ብሎኗ ወደ ነበረችበት ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ሰው ኮሪደሩን በሩጫ ማለፍ ጀመረ። ትንፋሹን ይዞ የሚያልፍም ነበር፤ አፍንጫው የሚያሸተው ትንፋሹን ብቻ ይመስል።

በዝናቡ ወራት አንድ ጠዋት ራዲዮ ሣጥኑን ልትፈትሽ ከፊቱ ቆማ ሳለ ነጯ በራች።

ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ነበረች። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፤ ሚስማሮቹ ባዶ ናቸው። ሸሸች፤ ጠፋች። ተጠጋች፤ በራች። ካቻቢቴው ከእጇ ሾልኮ እርጥቡ ወለል ላይ ሲወድቅ የተሰማው ድምፅ ለብዙ ጊዜ ከጆሮዋ አልወጣም። ያ ሁሉ ምት በገዛ እጇ በበየደችው ሽቦ ላይ እየሮጠ፣ ስለ እሷ አንድ ነገር እያወራ ነበር።

ወርክሾፑ ገብታ በሩን ዘጋች። እጇን በሳሙና እስከ ክርኗ ታጠበች። ፊቷን ታጠበች። ተመልሳ ቆመች፤ ያው በራች። የት እንደሚያማት ማሰብ ጀመረች፤ ሲያስቡት ደግሞ የማያም ቦታ የለም። ሙቀት ሙቀት አላት። ደረቷን ለመክፈት የጃኬቱን ዚፕ ስታወርድ ነው የገባት። ጃኬቱ የእሷ አይደለም። የእሷ በዝናብ በስብሶ ስላልደረቀ ጠዋት የባሏን ለብሳ ነው የወጣችው።

ጃኬቱን አውልቃ ወርክሾፑ ውስጥ ሰቀለችው። በሸሚዟ ብቻ ተመልሳ ሄደች፤ ከቱቦው አፍ ፊት ለፊት ቆመች። ጠበቀች። ነጯ አልበራችም።

እፎይ አለች። ትንፋሿ ከውስጧ ወጥቶ ሳያልቅ የማን ጃኬት እንደሆነ ትዝ አላት፤ እዚያው ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ሰውየው እንደ እሷ ዝምተኛ አይደለም፤ ደንበኛ ቢኖርም ባይኖርም ከስፌት መኪናው ጋር ያወራል። የዚያን ዕለት ከሰዓት ሱቁ ስትደርስ ሱሪ እያሳጠረ ነበር።

«ምነው በቀን? ሙዙ አለቀ እንዴ?»

«ተነሣ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ማን ታመመ?»

ስለ አፍንጫው ከዚህ በፊት ነግራዋለች፤ ስለ ጋሼ ሚዛንም፣ ስለ ሳቂታም። ፊቷን አየ፣ መልሳ የለበሰችውን ጃኬቱን አየ፤ እግሩን ከመኪናው ፔዳል ላይ አነሣ።

«ለጃኬቴ በራ?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጃኬቱ እኮ የስንት ደንበኛ ሽታ አለበት። የመኪና ዘይት አለበት፣ ጠመኔ አለበት...» ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረበት። «መጋዘኑ ድረስ ልምጣና ራሴ ልቁም?»

«አይሆንም!» አለች። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «እዚያ አትቆምም። ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው።»

ሐኪሙ የት እንደሚያመው ጠየቀው። «የትም» አለ። ታዲያ ለምን መጣህ ሲለው ወደ ሚስቱ ዞረ። ራዲዮ፣ ቃል ከአፏ በመከራ የሚወጣላት ሴት፣ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆማ ደም ካልተመረመረ፣ በማሽን ካልታየ አልወጣም አለች። ሐኪሙ ግራ ገባው፤ ግን አዘዘለት። በኩላሊቱ ላይ እብጠት ተገኘ። ትንሽ ነው፣ አልተሠራጨም፣ እንዲህ በጊዜ የሚመጣ ሰው ዕድለኛ ነው አላቸው። ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ክፉኛ ተጎሳቆለ፤ ግን ተረፈ።

ወሬው መጋዘኑ ሲደርስ ሰው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «ይኸው አዳነ፤ በረከት ነው» አለ። ሌላው «በረከት ከሆነ አንተ ፊቱ ቁም» አለው። የሚቆም ጠፋ። በመጨረሻ ሠራተኛው ተሰብስቦ ነጯ መብራት ካልተቆረጠች ሥራ አንገባም አለ። ከሁሉም ድምፁ የጎላው የክሬን ነበር። «ሰው ቀኑን አውቆ እንዴት ካርቶን ይሸከማል? ቁረጧት!» አለ። አለቃው ወደ ራዲዮ ዞረ። ራዲዮ ባሏን ያተረፈላትን መብራት ሽቦ በመቁረጫ ያዘች። ወዲያው አልቆረጠችውም። ሁሉም እጇን ያያሉ። ከዚያ ቆረጠችው።

መብራቷ ሄደች እንጂ አፍንጫው አልሄደም። ይህንን ከራዲዮና ከመምህሯ በስተቀር ልብ ያለው አልነበረም። ሴንሰሮቹ እንደ ድሮው ያፈስሳሉ፤ ካርዱ እንደ ድሮው ያንኳኳል፤ ቺፑ እንደ ድሮው ይለያል። መናገሪያው ነው የተቆረጠው። ሰው ሲያልፍ ያውቃል፣ ዝም ይላል።

ከሌላው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ልብ ያለው አለቃው ሆነ። በምሳ ሰዓት፣ ኮሪደሩ ባዶ ሲሆን፣ ወርክሾፑ በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ያቺን ሽቦ ለአፍታ ማገናኘት ይቻላል?»

«መብራቷን ነቅዬ ጥያታለሁ፣ አለቃ።»

«ያለ መብራትስ? በሌላ መንገድ?»

ውሸት አታውቅበትም። ከአባቷ ሱቅ የተረፈ የጆሮ ማዳመጫ ነበራት። አንዱን ጫፉን ነጯ መብራት ተያይዛበት በነበረው የቺፑ አራተኛ እግር፣ ሌላውን በመሬት ሽቦው ላይ አስነክታ ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ከተተች። አለቃው ከቱቦው ፊት ለፊት ቆመ፤ ክራቫቱን አስተካከለ፣ ለፎቶ የሚቆም ይመስል። ማዳመጫው ጭጭ እንዳለ ቆየ። «ምንም የለም» አለችው። ሳያመሰግናት ሄደ።

ከዚያ ሌሎቹ መጡ። «ቁረጧት» ያሉት ሁሉ ማለት ይቻላል፣ አንድ አንድ እያሉ፣ ምሳ ሰዓት እየጠበቁ፣ አንዱ የሌላውን መምጣት እያወቀ እንዳላወቀ እየሆነ መጡ። ራዲዮ እምቢ ማለት ነበረባት። ግን የባሏን የሐኪም ቤት አልጋ እያሰበች እምቢ ማለት አቃታት። እያንዳንዱ ከፊቷ ሲቆም ማዳመጫውን ትከታለች፣ ዝምታውን ትሰማለች፣ «ምንም የለም» ትላለች፣ ሰውየው ከእስር እንደተፈታ ሰው ይሄዳል።

ክሬን የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ነበር።

«እኔ እንኳ ለቀልድ ነው» አለ።

ቆመ። ራዲዮ ማዳመጫውን ከተተች። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከሩቅ፣ ጥፍር ጠረጴዛ ላይ የሚመታ ዓይነት ድምፅ መጣ። ጠቅ። ጠቅ ጠቅ። ጠቅ። ቆመ። ተመልሶ መጣ። ሰውየውን ቀና ብላ አየችው። ደረቱ እንደ በር ሰፊ ነው፤ ቤቱ ደግሞ ገና መዳህ ያልጀመረ ልጅ አለው። እሱ ዓይኖቿን ነበር የሚያየው።

«ሰማሽ አይደል?»

«ነገ ሐኪም ቤት ሂድ። ባሌን ያየውን ሐኪም ስሙን እሰጥሃለሁ።»

«ሰማሽ ወይ ነው ያልኩሽ!»

«ሂድ፣ ወንድሜ። ብቻ ሂድ።»

ክሬን ሄደ። ሐኪሞቹ ደሙን አዩ፣ ሆዱን አዩ፣ ሳንባውን አዩ። ጤነኛ ነህ አሉት። አላመነም፤ ሌላ ጋ ሄደ። እነዚያም ጤነኛ ነህ አሉት። ወደ ሥራው ተመለሰ። ያ ኮሪደር ሙሉ ሳቅ ግን አብሮት አልተመለሰም። ካርቶን አንሥቶ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ራሱን ጋደል አድርጎ፣ ከውስጡ የሚመጣ ነገር እንደሚያዳምጥ ሆኖ። ሲጠሩት ቶሎ አይሰማም። ራዲዮን ሲያገኛት ሰላምታ አይሰጣትም፤ ዓይን ዓይኗን ያያታል። ይታመም አይታመም አልታወቀም። እሷ ግን ያን ሰው ጤነኛ ሳለ በአንድ ዓረፍተ ነገር የገደለችው መሰላት።

መምህሯን ጠርታ ሁሉንም ነገረቻት፤ ማዳመጫውን፣ ሰዎቹን፣ ክሬንን። መምህሯ ሰምታ ላፕቶፗን ዘጋች።

«ለሰው አልተሠራም» አለች። «ስንቴ ትክክል እንደሆነ፣ ስንቴ እንደተሳሳተ አናውቅም። ከሐኪሞች ጋር ሆኖ፣ ሰው ፈቅዶ፣ በደንብ መጠናት ያለበት ነገር ነው። እንዲህ በሹክሹክታ አይሆንም። እወስደዋለሁ። በምትኩ ስለ ሙዝ ተምሮ የጨረሰ፣ ከዚያ በላይ እንዳይማር የተዘጋ አመጣላችኋለሁ።»

ቺፑን ልትነቅል ሣጥኑን ከፈተች። ራዲዮ አጠገቧ ነበረች፤ ማዳመጫው አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። መምህሯ እጇን እሰሌዳው ላይ እንዳደረገች ቆም አለችና ዞር ብላ የቱቦውን አፍ አየች። ቆማ የነበረችው ከፊቱ ነው። ከዚያ ማዳመጫውን አየች። ራዲዮ ወደ ጆሮዋ ልትወስደው እጇን አነሣች።

«አይ» አለች መምህሯ። «አይ፣ ተይው።» ቺፑን ፈልቅቃ አወጣችው። ስትጠቀልለው እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን እጇ ድሮም እንደሚንቀጠቀጥ ራሷ ተናግራለች።

አዲሱ አፍንጫ ሦስት መብራት ብቻ ነው ያለው። ስለ ሙዝ ያወራል፣ ስለ ሌላው አያውቅም። ሠራተኛው ግን ልማድ ሆኖበት ዛሬም በዚያ ቦታ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ጋሼ ሚዛንን አይተው የማያውቁ አዲስ ገቢዎች እንኳ፣ ለምን እንደሆነ ሳይነገራቸው፣ ግድግዳውን ታከው ያልፋሉ።

የራዲዮ ባል ወደ ልብስ መኪናው ተመልሷል። ቶሎ ይደክመዋል፣ ከባድ ጨርቅ አይቆርጥም፤ ወሬው ግን አልቀነሰም። እሷ ከሥራ ስትወጣ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ሱቁ ነው። ከጀርባው ትቆምና ጎንበስ ብላ አንገቱ ሥር በረጅሙ ትስባለች። የጠመኔ ሽታ አለ፣ የመኪና ዘይት፣ ትኩስ የተተኮሰ ጨርቅ። ሌላ ነገር ይኑር አይኑር አታውቅም፤ የእሷ አፍንጫ የሰው አፍንጫ ነው። መጀመሪያ ሰሞን «ምንድነው የምታሸችው?» እያለ ይቆጣት ነበር። አሁን አይቆጣም። የኮቴዋን ድምፅ ሲሰማ ወሬውን ያቆማል፣ መኪናውን ያቆማል፣ ሳትጠይቀው የሸሚዙን ኮሌታ ገለጥ አድርጎ ይጠብቃታል።